ሽሮ ለምትበላው «ሥጋ ቀንሺ»?

«ምድርን የማይጎዳ አመጋገብ» የሚባል ትምህርት እኛም ዘንድ ደርሷል። ብዙውን ጊዜ የሚሰጠው በሆቴል አዳራሽ ነው። አንድ ሁለቴ ተቀምጬ አዳምጫለሁ። ነገሩ ሲጠቃለል፣ ሥጋ ቀንሱ፣ ጥራጥሬና አትክልት አብዙ፣ የአካባቢያችሁን ምርት ብሉ ነው። ከዚያ ሁላችንም ተነሥተን ወደ ቡፌው እንሄዳለን፤ ጥብሱም ክትፎውም ተደርድሮ ይጠብቀናል።

ምክሩ ውሸት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2018 «ሳይንስ» መጽሔት ላይ የወጣ ትልቅ ጥናት ከ119 አገሮች የ38,700 ያህል እርሻዎችን መረጃ አሰባስቦ ነበር። ዓለምን ከሚያሞቀው ጋዝ ሩብ ያህሉ ከምግብ እንደሚመጣ፣ ከምግቦችም የበሬ ሥጋ ከፊተኞቹ እንደሆነ አሳይቷል። እኔን የሚከነክነኝ ምክሩ ለማን እንደሚነገር ነው።

እስቲ ለአንዲት የድሬዳዋ ኢንዱስትሪ ፓርክ ሠራተኛ እንንገራት። እዚያ ነሐሴ 2014 ዓ.ም. የአገሪቱ የመጀመሪያው ነፃ የንግድ ቀጠና ሲመረቅ ስለ ሼዱ፣ ስለ ባቡሩ፣ ስለ ጅቡቲ ወደብ ብዙ ተብሏል። በኢንዱስትሪ ፓርኮቻችን አብዛኛው ሠራተኛ ወጣት ሴት ናት። ደመወዟን ለመገመት አንድ ነገር ላስታውስ፤ እ.ኤ.አ. በ2019 የኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲ ያወጣው ሪፖርት የሐዋሳ ፓርክ ልብስ ሰፊዎች መነሻ ደመወዝ በወር 26 ዶላር እንደነበር ጽፏል። በዚህ ገቢ ሥጋ የሚታየው ለበዓል ነው። ልጅቷ ኦርቶዶክስ ከሆነች ደግሞ በዓመት ከ180 ቀን በላይ ትጾማለች። እሷን «ሥጋ ቀንሺ» ብትሏት በድሬ ቋንቋ «አቦ ተወኝ!» ብላችሁ ነው የምታልፈው። ለጠገበ የተራበ ያለ አይመስለውም!

ታዲያ የሷ ማዕድ ለምድር ምንም ዕዳ የለበትም? አለበት። ዕዳው ግን ያለው ከድስቱ ሥር ነው።

አራት አምስት ሆነው አንዲት ክፍል የሚከራዩ ልጆችን ኑሮ የሚያውቅ ሰው፣ የአከራይን ሕግም ያውቃል፤ «ስቶቭ አይሰካም፣ ምጣድ አይታሰብም!» በአከራይዋም አይፈረድም፤ ቆጣሪው አንድ ነው፣ ቢሉም የሚመጣው በሷ ስም ነው። ስለዚህ ከሰል ይገዛል። በባህላዊው መንገድ አንድ ኪሎ ከሰል ለማክሰል ከአምስት ኪሎ የማያንስ እንጨት ይነዳል። ሽሮ እንኳ ደግ ነው፤ ተቆልቶ ተፈጭቷልና ቶሎ ይደርሳል። ዓለም የሚያሞግሰው ያልተከካ ባቄላና አተር ግን ረጅም እሳት ይፈልጋል። እንጀራማ ሌላ ነው፤ ለቤት ውስጥ ከሚውለው ማገዶ ግማሽ በላዩን የሚበላው እሱ ነው።

«የአካባቢህን ብላ» የሚለውም ቢሆን ይኼንን አይፈታውም። በዚያው ጥናት ማጓጓዣ ከምግብ ከሚወጣው ጋዝ 6 በመቶ ገደማ ብቻ ነው ያለው ድርሻ። በድሬ ዙሪያ የሚበቅለው ማሽላ ድርቅ ይችላልና ልንበላው ይገባል። ግን የማሽላ እንጀራም የሚጋገረው ምጣድ ላይ ነው፣ ምጣዱም እሳት ይፈልጋል።

ድሬዳዋ ደግሞ የተራቆተ ተራራ ምን እንደሚያመጣ ሊነገራት የሚገባ ከተማ አይደለችም። ሐምሌ 30 ቀን 1998 ዓ.ም. ሌሊት ከሐረርጌ ደጋ የወረደው ጎርፍ ደቻቱን ሞልቶ ከ200 በላይ ሰው ፈጅቷል። ዝናቡን ማንም አላዘዘውም። ዛፉን ያጣ ተዳፋት ግን ውሃ አይዝም፤ እንዳለ ወደ ታች ይለቀዋል። ለከሰል የሚቆረጠው ዛፍ የማን ደጃፍ ላይ ጎርፍ ሆኖ እንደሚመጣ ድሬዎች ያውቁታል።

ፓርኮቻችን «አረንጓዴ» ናቸው ሲባል የሚጠቀሰው ፍሳሻቸው ነው። ሐዋሳ ፓርክ ከፋብሪካ የሚወጣውን ውሃ አጣርቶ መልሶ የሚጠቀምበት ሥርዓት ይዞ ተሠርቷል፤ እሰየው የሚያሰኝ ነው። የሠራተኛዋ እራት ግን ከአጥሩ ውጭ የቀረ ጉዳይ ነው። ጨርቁ የታጠበበትን ውሃ የሚቆጥር፣ ጨርቁን የሰፋችው ልጅ ስንት ከሰል እንዳነደደች አይቆጥርም።

መፍትሔው ሩቅ ቢሆን ባልተቆጣሁ ነበር። የአገራችን ኤሌክትሪክ ከ90 በመቶ በላይ ከውሃ የሚገኝ ነው። ታላቁ የህዳሴ ግድብም ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመርቋል። ሺህ የስፌት መኪና የሚያንቀሳቅስ መስመር ከፓርኩ ደርሶ፣ አጥሩን ተሻግሮ ምጣድ ማሞቅ ለምን አቃተው? በፓርኩ አጠገብ በኤሌክትሪክ የሚሠራ የጋራ እንጀራ መጋገሪያ ቢኖር ስንት ማንደጃ በጠፋ! ለሠራተኛ ክፍል የሚያከራይ ሰው ለየክፍሉ ቆጣሪ እንዲያስገባ ቢታገዝስ? መብራት እስኪደርስ ድረስ እንኳ «ምርጥ» የተባለው የእንጀራ ምድጃ ከሦስት ጉልቻ ጋር ሲነጻጸር ማገዶን በግማሽ ያህል ይቀንሳል፤ ከተዋወቀም ቆይቷል።

ሥጋ መቀነስ ያለበት የለም እያልኩ አይደለም። አለ፤ አዳራሹ ውስጥ ተቀምጧል። የሚቀጥለው ስብሰባ ምክሩን ከራሱ ቡፌ ይጀምር። ለልጅቷ ግን ምክሩን ትታችሁ ቆጣሪ አስገቡላት።