ዝም የሚያሰኘው እጅ

ክራር ሲደመጥ ዓይን የሚሄደው ወደ ቀኝ እጅ ነው። ስድስቱን ክሮች ጠረግ አድርጎ የሚገርፈው፣ ምቱን የሚይዘው፣ ሰውን ለጭብጨባ የሚያነሣሣው እሱ ነውና። ሙያው ያለው ግን በግራ እጅ ነው። በግርፍ አጨዋወት የግራ እጅ ጣቶች ክሮቹ ላይ አርፈው የማይፈለጉትን አፍነው ይይዛሉ። አንዱ ጣት ሲነሣ የዚያ ክር ድምፅ ነጥሮ ይወጣል፤ ተመልሶ ሲያርፍ ይጠፋል። ቀኝ እጅ ሁሉንም ይመታል፤ የትኛው እንደሚሰማ የሚወስነው ግራው ነው።

ይህ ሥራ በ13 እና በ14 ዓመት ልጆች እጅ ሲሠራ ማየት በጣም ደስ ይለኛል። በ7ኛና በ8ኛ ክፍል የሙዚቃ ክበብ ልምምድ ላይ ቁጭ ብሎ የተመለከተ ሰው፣ ጀማሪው ልጅ መጀመሪያ ክሮቹን በሙሉ እንደሚያስጮህ ያያል። ብዙ ድምፅ ስላወጣ በደንብ የተጫወተ ይመስለዋል። ጣቶቹ እየታዘዙለት ሲመጡ ግን ጩኸቱ ይቀንስና ዜማው ይጠራል። ክፍል ውስጥ የሚመሰገነው እጁን ቀድሞ ያወጣና ጮክ ብሎ የመለሰ ነው፤ እዚህ ያው ልጅ ድምፅን አፍኖ መያዝ ይማራል። የትምህርት ቤት ክበባት ሥራ ጥራቱ የሚታወቀው በተተወው፣ በተያዘውና በተቆረጠው ነገር ነው ብዬ አምናለሁ፤ ስለዚህም ብዙ ጊዜ ሳይታይ ያልፋል።

ቅኝቱን እንመልከት። የክራሩ ዜማ ከአምስት ድምፆች ይሠራል፤ ስድስተኛው ክር የመጀመሪያውን ድምፅ ከፍ አድርጎ ይደግመዋል። በሙሉ ትዝታ የተቃኘው ክራር ወደ ግማሽ ትዝታ እንዲዞር ከተፈለገ ሦስተኛውና አምስተኛው ድምፅ በግማሽ ድምፅ ዝቅ ይላሉ፤ የቀሩት ከቦታቸው አይነቃነቁም። ሁለት ክሮች በጥቂቱ ላሉ ማለት ነው፤ የዘፈኑ ስሜት ግን ሌላ ይሆናል፣ ክፍሉ በአንድ ጊዜ ይከብዳል። ይህን የምትሠራ የ8ኛ ክፍል ተማሪ ስታዩ ጆሮዋን ወደ ክራሩ ዘንበል አድርጋ፣ መቃኛውን በጣም በጥቂቱ አዙራ፣ ክሩን ነካ አድርጋ፣ ደግሞ በጥቂቱ ትመልሰዋለች። በዙሪያዋ ያሉት ጓደኞቿ ወሬያቸውን ያቆማሉ። ማንም ዝም በሉ አላላቸውም፤ አንድ ሰው ሲቃኝ እንደማይወራ ከክበቡ ተምረዋል።

ቡድኑ በማን ድምፅ ይቃኛል የሚለውም ራሱን የቻለ ጥበብ ነው። የክራር ክር ይወጠራል፣ ይላላል፤ የማሲንቆ ጭራም እንዲሁ። ዋሽንት ግን አንዴ ከተበሳ ድምፁ ተወስኗል፤ የሸምበቆው ርዝመትና የቀዳዳዎቹ ቦታ ጨርሰውታል። አራቱ ቀዳዳዎች ሲዘጉና በየተራ ሲከፈቱ አምስት ድምፅ ይሰጣሉ፤ ትንፋሹ ሲጠነክር እነዚያው ድምፆች ከፍ ብለው ይደገማሉ። ዋሽንት ነፊዎች የተለያየ ርዝመት ያላቸውን ዋሽንቶች ይዘው የሚዞሩት ለዚህ ነው። በቡድኑ ውስጥ ሌላው ሁሉ ለዋሽንቱ ይቃኛል። እንግዲህ መምህሩ ከዋሽንቶቹ አንዱን መርጦ ሲያነሣ፣ ዘፋኞቹ ምን ያህል ከፍ እንደሚሉ፣ ክራሩ ምን ያህል እንደሚወጠር አብሮ ወስኗል።

በዚህ ዕድሜ ደግሞ ምርጫው ቀላል አይደለም። የወንዶቹ ልጆች ድምፅ መጎርነን የሚጀምረው በዚሁ ጊዜ ነው። ባለፈው ዓመት ከፍ ብሎ ሲያወጣ የነበረ ልጅ ዘንድሮ መሐል ላይ ድምፁ ይሰበርበታል፣ ያፍራል፣ ከክበቡ ሊቀር ይፈልጋል። ጥሩ መምህር ይህን አስቀድሞ ያውቃል። አጠር ያለውን ዋሽንት ትቶ ረዘም ያለውን ያነሣል፤ ድምፁ ለሁሉም ዝቅ ይላል፤ ልጁም ከተቀባዮቹ ጋር ይቆማል ወይም ከበሮ ይይዛል። ታዳሚው የሚሰማው የተስማማ ዘፈን ነው፤ አንድ ልጅ ሳያፍር ክበቡ ውስጥ እንዲቆይ የተደረገውን ዘዴ አያየውም።

እነዚህ መሣሪያዎች አንድ ላይ መሰማታቸው ዛሬ እንደ ተራ ነገር ይቆጠራል። ሆኖም አዝማሪው ማሲንቆውን፣ እረኛው ዋሽንቱን በአብዛኛው ለየብቻ ይዘው ኖረዋል። ግብፅ የተወለዱት የሙዚቃ ቀማሪ ሃሊም ኤል-ዳብ በ1963 እ.ኤ.አ. በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ኦርኬስትራ ኢትዮጵያን ሲመሠርቱ፣ ኋላም ተስፋዬ ለማ ሲመሩት፣ የሠሩት ትልቅ ሥራ ከየአካባቢው የመጡ ባለሙያዎችን በአንድ መድረክ አስቀምጦ እርስ በርስ እንዲደማመጡ ማድረግ ነበር። ብቻውን የሚጫወት ሰው በፈለገው ድምፅ ይነሣል፣ በፈለገው ይፈጥናል። አብሮ የሚጫወት ሰው ከዚህ ነጻነቱ መቀነስ አለበት። አንድ የትምህርት ቤት ቡድን በዕረፍት ሰዓት ክራሩን ለዋሽንቱ ሲቃኝ ያንኑ ሥራ በልጆች ዕድሜ ይሠራዋል።

ከሁሉም የማሲንቆ ተማሪ ትዕግሥት ያስደንቀኛል። ማሲንቆ ያለው አንድ ክር ነው፤ እሱም ከፈረስ ጭራ የተሰናዳ። ጣት ክሩን እስከ እንጨቱ አይጫነውም፤ ከእንጨቱ ሳያገናኝ ነክቶት ይለቀዋል። ቦታውን የሚያሳይ ምልክት የለም። ጣት ትክክለኛው ቦታ ላይ ማረፉን የሚነግረው ጆሮ ብቻ ነው፤ ጆሮውም ገና እየተሠራ ነው። ደጋኑን በኃይል የገፋ ልጅ የሚያገኘው ሲርሲርታ ነው። ላላ አድርጎ የጎተተው ደግሞ ድምፁ ይጠፋበታል። መሐሉ ላይ የተገኘችው ልኬት ግን እንደ ሰው ድምፅ ታወጣለች፤ ልጁ መጀመሪያ ሲያገኛት ፊቱ ላይ ይታወቃል።

ወቅቱም ከልጆቹ ጋር ይታገላል። የዓመቱ ትልቅ መድረክ የወላጆች ቀን ነው፤ እሱም ትምህርት በሚዘጋበት በሰኔ መጨረሻ ገደማ፣ ክረምቱ ሲገባ ይውላል። ክራር፣ ማሲንቆና ከበሮ ቆዳ የለበሱ ናቸው፤ እርጥበት ሲያገኙ ቆዳቸው ይላላል፣ ድምፃቸው ይደፈናል፣ ቅኝቱም ይሸሻል። ያወቀበት ክበብ ጠዋት ፀሐይ ብቅ ስትል መሣሪያዎቹን አውጥቶ ያሞቃል፣ ደመና ሲመጣ ያስገባል፣ የመጨረሻውን ቅኝት መድረክ ሊወጣ ሲል ያደርጋል። በዚያች ጥቂት ደቂቃ ውስጥ ቡድኑ የሚያሳየው መረጋጋት የዓመቱን ልምምድ ያህል ዋጋ አለው።

ይኸው ጥንቃቄ በሚኒ ሚዲያ ክበብም አለ። በዕረፍት ሰዓት ግቢው በጩኸት ተሞልቶ፣ ሞንታርቦው ከግድግዳ ግድግዳ እያስተጋባ፣ አንዲት ልጅ ከደብተር የተቀደደ ወረቀት ይዛ ታነባለች። የአማርኛ ዓረፍተ ነገር ግሡን መጨረሻ ላይ ያስቀምጣል፤ የተንዛዛ ከሆነ ማሠሪያው ላይ ሳይደርስ ጫጫታው ይበላዋል፣ አድማጩም ማን ምን እንዳደረገ ሳያውቅ ይቀራል። ስለዚህ ጥሩ የሚኒ ሚዲያ ጽሑፍ አጭር ነው። ወረቀቱን ጠጋ ብላችሁ ብታዩት በአንዱ ረጅም ዓረፍተ ነገር ላይ መስመር ተሰምሮ በሦስት ተከፍሏል፤ ሁለት ቅጽሎች ተሰርዘዋል፤ እስትንፋስ የሚወሰድበት ቦታ በእስክሪብቶ ምልክት ተደርጎበታል። ጽሑፉን ያረመው ብዙ ጊዜ ሌላ ተማሪ ነው፤ ስሙም በድምፅ ማጉያው አይጠራም። ያነበበችውን ልጅ ግቢው ሁሉ ያውቃታል። ያረመላትን ግን እሷ ታውቀዋለች፤ ያ ለእሱ ይበቃዋል።

ዛሬ በሥርዓተ ትምህርቱ የክወናና እይታ ጥበባት ትምህርት መኖሩ መልካም ነው፤ ልጁ የቅኝቶቹን ስም ከመጽሐፍ ያገኛል። እጅ የሚሠለጥነው ግን በክበብ ነው፤ ክበብ ደግሞ የሚኖረው መምህሩ ከትርፍ ሰዓቱ እየቆረሰ፣ ትምህርት ቤቱ አንድ የሚዘጋ ክፍል እየሰጠ ነው። ብዙ ጊዜ ሲጓደል የማየው እነዚህ ሁለቱ ናቸው። መሣሪያው ይገዛና መለማመጃ ክፍል ይታጣል፤ ወይም ልጆቹ ተዘጋጅተው የወላጆች ቀን ንግግርና ሽልማቱ ሰዓቱን ይጨርስና ቡድኑ ሳይቃኝ በጥድፊያ ወደ መድረክ ይገፋል።

ርእሰ መምህራንም የወላጅ ኮሚቴዎችም የዘንድሮውን መርሐ ግብር ሲያወጡ ከዘፈኑ በፊት ለመቃኛ አሥር ደቂቃ ይመድቡ። ታዳሚውም በዚያ ሰዓት ወሬውን ያቁም። ልጆቹ ዓመቱን ሙሉ አንዳቸው ለሌላው ሥራ የሰጡትን ክብር እኛም ለአሥር ደቂቃ እንስጣቸው፤ የሚገባቸውም የሠሩት ሥራ የባለሙያ ሥራ ስለሆነ ነው።