የወናፉ ቁጥርና የመዝገቡ ስም

የለንደኑ የዊትስቶን ቤት በሠራቸው ኮንሰርቲናዎች ላይ ሁለት ትንንሽ ወረቀቶች ተለጥፈው ይገኛሉ። በቀኝ እጅ በኩል የሠሪው ስምና አድራሻ አለ፤ በግራ እጅ በኩል ቁጥር። ወረቀቶቹ በላብና በዕድሜ ብዛት ተልጠው ቢወድቁም ቁጥሩ አይጠፋም፤ ብሎኖቹን ፈትቶ ጎኑን ላነሣ ሰው ከውስጥ በእንጨቱ ላይ ተመትቶ ይታያል። እኔ የጥገና ሥራዬን የምጀምረው ከዚህ ቁጥር ነው። ቁጥሩን ይዤ ወደ ቤቱ ባሕረ መዝገብ ስሄድ፣ አንድ ሙዚቀኛ እንዴት ሠርቶ እንደኖረ ከብዙ የሙዚቃ ታሪክ መጻሕፍት በተሻለ እዚያ አገኘዋለሁ።

መሣሪያውን ለማያውቁ ጥቂት ልበል። ኮንሰርቲና የአኮርዲዮን ዘመድ ነው፤ በሁለት መዳፍ መካከል የሚያዝ፣ ብዙውን ጊዜ ስድስት ጎን ያለው፣ መካከሉ ወናፍ የሆነ። ቁልፉ ሲጫን ቀዳዳ ይከፈታል፤ ወናፉ የሚገፋው ወይም የሚስበው አየር በቀጭን የናስ ወይም የብረት ምላስ በኩል ሲያልፍ ምላሱ ይርገበገባል፤ ድምፁም ይወጣል። የተለመደው የእንግሊዝ ዓይነት 48 ቁልፎች አሉት። ሲገፋም ሲሳብም ያው ድምፅ እንዲወጣ ለያንዳንዱ ቁልፍ ሁለት ምላስ ስለሚያስፈልግ፣ በዚያች ትንሽ ሣጥን ውስጥ 96 ምላሶች ተደርድረዋል። ጠጋኝ ጊዜውንም ዓይኑንም የሚጨርሰው በእነዚህ ላይ ነው።

መሣሪያውን የፈለሰፈው ቻርልስ ዊትስቶን ነው። ፊዚክስ የተማረ ሁሉ ስሙን ያውቀዋል፤ የኤሌክትሪክ ተቃውሞን የምንለካበት ዊትስቶን ብሪጅ በእሱ ስም ይጠራል። በ1837 ከዊልያም ኩክ ጋር ሆኖ የኤሌክትሪክ ቴሌግራፍን ያስመዘገበውም እሱ ነው። (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) ቤተሰቡ ግን የሙዚቃ መሣሪያ ነጋዴ ነበር። ዊትስቶን በ1829 በአፍ የሚነፋ፣ ባለ ቁልፍ መሣሪያ አስመዘገበ፤ የኮንሰርቲናው የቁልፍ አደራደር መነሻ ያ ነው። በ1844 ደግሞ ለኮንሰርቲናው ማሻሻያዎች ሌላ የፈጠራ መብት አገኘ። በለንደን ኮንዲዊት ጎዳና ቁጥር 20 የነበረው የቤተሰቡ ሱቅ መሣሪያውን እየሠራ ይሸጥ ነበር፤ የሸጠውንም ይጽፍ ነበር።

የጻፈው ዛሬም አለ። ከ1830ዎቹ መጨረሻ እስከ 1891 ያሉት መዝገቦች በደቡብ ለንደን በሆርኒማን ሙዚየም ተቀምጠዋል። እዚያ የገቡት በደርቢሺር፣ ቤልፐር ከተማ የኮንሰርቲና ሙዚየም ከነበረው ከኒል ዌይን ስብስብ ጋር፣ በ1996 ነው። ከ1910 እስከ 1974 ያሉት የኋለኞቹ የምርት መዝገቦች ደግሞ የድርጅቱን ሥራ በተረከበው ሰው እጅ ተጠብቀው ቆዩ። ሁለቱም ወገን ገጽ በገጽ ፎቶ ተነሥቶ ማንም በነጻ እንዲያየው ተደርጓል። ይህን ሥራ ከፊት ሆኖ የመራው ሮበርት ጋስኪንስ ነው፤ በየቢሮው የምንጠቀምበትን ፓወርፖይንት ከፈጠሩት ሰዎች አንዱ፣ ራሱም ኮንሰርቲና ወዳጅ። ለእኔ የፓወርፖይንት ሥራው ከዚህኛው አይበልጥብኝም።

የቀድሞው የሽያጭ መዝገብ ገጽ ሲታይ ቀላል ይመስላል፦ ቀን፣ የገዢው ስም፣ የመሣሪያው ቁጥር፣ ዋጋው በፓውንድ፣ በሺሊንግና በፔንስ። አነባበቡ ግን ልምድ ይጠይቃል። ብዙ የመሣሪያ ባለቤቶች ቁጥራቸውን ፈልገው ከጎኑ ያለውን ቀን ሲያገኙ “የተሠራበት ቀን ይኸው” ብለው ይደሰታሉ። ቀኑ ግን የሽያጭ ነው። መሣሪያዎቹ በቁጥራቸው ተራ አይሸጡም ነበር፤ ትልቅ ቁጥር ያለው ቀድሞ ሲወጣ ትንሽ ቁጥር ያለው መደርደሪያ ላይ ወራት ሊያድር ይችላል። ያው ቁጥር ከዓመታት በኋላ በሌላ ሰው ስም ተመልሶ የሚመጣበት ጊዜም ብዙ ነው። መሣሪያው ተመልሷል፣ በሌላ ተለውጧል፣ ተከራይቷል፣ ዳግም ተሸጧል። መጀመሪያ ያገኙትን መስመር ይዞ መቆም የአንድን ሰው ሙሉ ሕይወት በልደቱ ቀን ብቻ እንደመተረክ ነው።

የሠራተኛ ሙዚቀኛው ኑሮ የሚታየውም በዚህ መመላለስ ውስጥ ነው። ጁሊዮ ሬጎንዲን እንውሰድ። ገና ሕፃን ሳለ በጊታር አውሮፓን ያስደነቀ ልጅ ነበር፤ ስመ ጥሩው ጊታሪስት ፈርናንዶ ሶር በ1831 አንድ ድርሰቱን ለእሱ መታሰቢያ አድርጎለታል። በዚያው ዓመት ለንደን ገባ። አሳዳጊው በልጁ ጣቶች የተገኘውን ገንዘብ ይዞ እንደጠፋ ይነገራል። ልጁ ለንደን ቀረ፤ በ1872 እዚያው እስኪሞት ድረስ በጊታርና በኮንሰርቲና ኖረ። ለኮንሰርቲና ሁለት ኮንሰርቶዎች ጽፏል፤ አቀናባሪው በርንሃርድ ሞሊክም ለእሱ ኮንሰርቶ ደርሶለት፣ ሬጎንዲ በ1853 ተጫውቶታል። የሙዚቃ መዝገበ ቃላት የሚያወሩት ይህንን ነው።

መዝገቡ ግን ሬጎንዲን የሚያሳየን በሱቁ ባንኮኒ ፊት ቆሞ ነው። ስሙ ደጋግሞ ይመጣል። አንድ ሰው ለራሱ ያን ሁሉ ኮንሰርቲና አያስፈልገውም። ሬጎንዲ አስተማሪ ነበር፤ መምህሩ ከሠሪው መሣሪያ ይወስዳል፣ ለተማሪው ያደርሳል፣ ካልተስማማ ይመልሳል። እንደ ሪቻርድ ብላግሮቭና ጆርጅ ኬዝ ያሉ የዘመኑ መምህራንም በዚሁ መንገድ ይመላለሱ ነበር። መድረክ ላይ የሚጨበጨብለት ሰው በማግስቱ የትምህርት ሰዓት እያዳረሰ፣ ለተማሪ የሚስማማ መሣሪያ እየመረጠ ያድራል። ኮንሰርት በዓመት ውስጥ ጥቂት ሌሊት ነው፤ የቤት ኪራይ የሚከፍለው ትምህርቱ ነው። በሙዚቃ እንጀራቸውን የሚበሉ ወዳጆቼ ሁሉ ይህን ያለ ማስረጃ ያምኑኛል። እንዲህ ያለው ኑሮ በጽሑፍ የሚገኝበት ቦታ ግን እጅግ ጥቂት ነው፤ የዊትስቶንን መዝገብ የምወደውም ለዚህ ነው።

እነዚያ ተማሪዎች ማን እንደነበሩም መዝገቡ ይናገራል። የሙዚቃ ታሪክ ጸሐፊው አለን አትላስ እስከ 1870 ያሉትን የሽያጭ መዝገቦች መርምሮ ወደ አንድ ሺህ የሚጠጉ ሴቶችን ስም አውጥቷል። ከመካከላቸው የባላባት ወገኖችም መምህራትም ነበሩ። በኋላ ዘመን ኮንሰርቲና የመርከበኛና የመጠጥ ቤት መሣሪያ ተብሎ ሲታሰብ፣ የጀመረው በእንግዳ መቀበያ ክፍል ውስጥ፣ በወይዘሮዎች እጅ ጭምር መሆኑ ተረስቶ ነበር። ያንን የመለሰልን ዋጋና ስም ብቻ የሚጽፍ የሱቅ ጸሐፊ ነው። ታሪክ እጽፋለሁ ብሎ ቢቀመጥ ኖሮ የሚያስቀረው ምን ያህሉን እንደነበር ሳስብ፣ እንኳን አላሰበው እላለሁ።

አሁን ወደ ጠረጴዛዬ ልመለስ፤ ወረቀቱ ያልጻፈውን የሚጽፈው ምላሱ ነውና። ምላስን የምንቃኘው በሞረድ ነው። ጫፉን ስንሞርደው ይቀልና ድምፁ ይወጣል፤ ሥሩን ስንሞርደው ይሳሳና ድምፁ ይወርዳል። የተሞረደ ብረት ደግሞ ተመልሶ አይሞላም። በአጉሊ መነጽር ስመለከት ያለፉት ጠጋኞች እጅ ይታየኛል፤ አንዱ በደቃቅ ሞረድ በቁመት ሄዷል፣ ሌላው ሻካራ ሞረድ ይዞ አግድም ቧጥጧል፣ አንዱ ሥሩን ያለ ልክ ጨርሶ ምላሱን ለስብራት አጋልጦታል። በናስ ምላሶች መካከል አንድ የብረት ምላስ ካገኘሁ፣ የተሰበረ እንደተተካ ወይም አንድ ተጫዋች በሚያዘወትረው ድምፅ ላይ ጉልበት እንደፈለገ እገምታለሁ።

ከሁሉ የሚያስገርመው ቅኝቱ ነው። በፒያኖ ላይ ጂ ሻርፕና ኤ ፍላት አንድ ቁልፍ ናቸው፤ ዲ ሻርፕና ኢ ፍላትም እንዲሁ። ዊትስቶን ግን ለሁለቱም ጥንዶች ለየብቻ ቁልፍ ሰጣቸው፤ በአንድ ኦክታቭ ውስጥ 12 ሳይሆን 14 ቁልፎች። የመጀመሪያዎቹ መሣሪያዎች ሲቃኙ እነዚህ ጥንዶች በእርግጥም የተለያየ ድምፅ ነበራቸው። በ1851 ለታላቁ የለንደን ኤግዚቢሽን የሙዚቃ መሣሪያ ዳኛ ሆኖ የመጣው ፈረንሳዊው አቀናባሪ ኤክቶር ቤርሊዮዝ፣ ስለ ኦርኬስትራ በጻፈው መጽሐፍ በኋለኛ እትሙ ይህንን ቅኝት አጥብቆ ተችቶታል፤ እንደ ፒያኖ በእኩል ርቀት ከተቃኙ መሣሪያዎች ጋር ሲገናኝ ይጋጫልና። ትችቱ የባለሙያ ነው። ከፒያኖ ጋር የሚጫወት ሰው ሁለቱን ድምፆች አንድ ማድረግ ነበረበት፤ ስለዚህ ብዙዎቹ መሣሪያዎች በሞረድ ተለወጡ። ዛሬ በእጄ ሲገቡ ሁለቱ ቁልፎች አንድ ድምፅ ይሰጣሉ፤ ምላሶቹ ላይ ያለው ጭረት ግን የድሮውን ልዩነት ይመሰክራል። የመዝገቡ ስም መሣሪያውን ማን እንደወሰደው ሲነግረኝ፣ ጭረቱ ከማን ጋር ሊጫወት እንደፈለገ ይነግረኛል። ሁለቱን አንድ ላይ ሳያነቡ መፍረድ ለእኔ ጎዶሎ ነው።

በኋለኞቹ፣ ከ1910 በኋላ ባሉት መዝገቦች ውስጥ የምንናፍቀው የሰው ስም ነው። እነሱ የፋብሪካ መዝገቦች ናቸው፦ ቁጥር፣ ዓይነት፣ የቁልፍ ብዛት፣ ጎኑ ከእንጨት ወይስ ከብረት፣ ቀን። የ20ኛው ክፍለ ዘመን ሙዚቀኛ ግን ሌላ ቦታ ዱካ ትቷል። አልፍ ኤድዋርድስ (1903–1985) የተጻፈለትን ኖታ አንብቦ የሚጫወት የስቱዲዮ ባለሙያ ነበር። ከ1958 እስከ 1964 ኢዋን ማኮል፣ ፔጊ ሲገርና ቻርልስ ፓርከር ለቢቢሲ ባዘጋጇቸው፣ “የሬዲዮ ባላዶች” በተባሉ ፕሮግራሞች ውስጥ ኮንሰርቲናው ይሰማል፤ በ1956ቱ “ሞቢ ዲክ” ፊልም ላይም አለ። ሰውየው በዝና ከሬጎንዲ በእጅጉ ያንሳል፤ ሥራው ግን የዚያው ዘር ነው። ተጠርቶ ይመጣል፣ በሰዓቱ ይጫወታል፣ ክፍያውን ተቀብሎ ይሄዳል። ለእንዲህ ያለው ሰው የስቱዲዮው የክፍያ ወረቀት ከጋዜጣ ሙገሳ ይልቅ እውነተኛውን ሕይወቱን ይዟል ብዬ አምናለሁ።

በእኛ በኩል የዚህ መሣሪያ ዘመድ አኮርዲዮን ነው። ሙዚቀኛው ኃይሉ መርጊያ በ1985 በአሜሪካ በአኮርዲዮንና በኪቦርድ የቀረጸው ካሴት፣ ባሕር ዳር ውስጥ በአንድ አሜሪካዊ ሰብሳቢ እጅ ገብቶ በ2013 ዳግም ታትሟል። በመካከሉ ባሉት ዓመታት ሙዚቀኛው ዋሽንግተን አካባቢ ታክሲ እየነዳ፣ ኪቦርዱን በመኪናው ይዞ ተሳፋሪ በሚጠብቅበት ሰዓት ይለማመድ ነበር። እኛ ካሴቱ ስላለ እናውቃለን። አዲስ አበባ ውስጥ ስንትና ስንት አኮርዲዮን በሆቴልና በክበብ ባንዶች እጅ እንዳለፈ፣ ማን ከማን እንደገዛው፣ ማን እንደጠገነው የሚናገር መዝገብ ግን በእጄ ገብቶ አያውቅም። ጥገና ያስተማሩኝ ሰው ክዳኑን ከመግጠማቸው በፊት ከውስጥ በእርሳስ ቀኑንና የሠሩትን ይጽፉ ነበር። “ጋሼ፣ ማን ያየዋል ብለው ነው?” ስላቸው፣ “ነገ የሚከፍተው፣ ልጄ። ማን እንደነካው ይወቅ እንጂ” ይሉኝ ነበር። እኔም ከዚያ ወዲህ እጽፋለሁ፤ በመሣሪያው ውስጥ በአጭሩ፣ በመዝገቤ በሰፊው።

ይህ ልማድ ከባዱን ጥያቄ አቅልሎልኛል። አንድ ተጫዋች የ19ኛው ክፍለ ዘመን ኮንሰርቲና አምጥቶ ከቫዮሊንና ከፒያኖ ጋር እንዲስማማ በዛሬው 440 ኸርዝ ቃኝልኝ ይለኛል። መሣሪያው የተቃኘው በድሮው የእንግሊዝ ከፍታ፣ ወደ 452 በሚጠጋው ነው። አንዳንድ ሰብሳቢዎች እንዲህ ያለውን መንካት ወንጀል ነው ይላሉ። እኔ አልስማማም። መዝገቡ የሚያሳየን መሣሪያው ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ፣ ለየሥራው ሲስተካከል መኖሩን ነው፤ በሠሪው ሐሳብም ለሥራ የተሠራ ዕቃ ነው። ስለዚህ ሞረዱን ከማንሣቴ በፊት 96ቱን ምላሶች አንድ በአንድ በመለኪያ እሰማና የያንዳንዱን ድምፅ እጽፋለሁ፤ ጭረቶቹን ፎቶ አነሣለሁ። ከዚያ እቃኘዋለሁ። የልኩን አንድ ቅጂ ከመሣሪያው ሣጥን ውስጥ አስቀምጣለሁ፤ ሌላው በቁጥሩ ሥር መዝገቤ ውስጥ ይቀራል።

ከሱቁ ከወጣበት ቀን ጀምሮ ምላሱ ያልተነካ፣ ሁለቱ ጥንድ ቁልፎች እስከ ዛሬ የተለያየ ድምፅ የሚሰጡ መሣሪያ ሲመጣልኝ ግን አቋሜ ይለያል። እንዲህ ያለው እጅግ ጥቂት ነው። ያኔ ባለቤቱን ለሥራው በኋላ ዘመን የተሠራ ሌላ ኮንሰርቲና እንዲገዛ እለምነዋለሁ፤ የሚገዛውንም አብሬው ሄጄ እመርጥለታለሁ። የድሮውን ቆዳውንና ወናፉን ብቻ አድሼ፣ አየር እንዳያፈስ አድርጌ፣ ቅኝቱን እንዳለ እመልስለታለሁ።