ድካሙ የማይሰማ ማሲንቆ

ከመተማ ዮሐንስ ወደ ገላባት፣ ከዚያም ወደ ገዳሪፍ ለሚሻገር ዜማ ድንበሩ እምብዛም አይከብድም። በሁለቱም ወገን ዜማው በአብዛኛው በአምስት ድምፆች የሚሄድ በመሆኑ፣ ቃሉ ያልገባው አድማጭ እንኳ ጆሮው አይባዝንም። እ.ኤ.አ. በ2009 ያረፈው ጥላሁን ገሠሠ በሱዳን፣ በ2012 ያረፈው መሐመድ ዋርዲ ደግሞ በኢትዮጵያ የተወደዱት ያለ አስተርጓሚ ነው።

ይህ ቅለት ግን ያታልላል። ማሲንቆ ያለው ክር አንድ ብቻ፣ እርሱም የፈረስ ጭራ ነው። እንደ ጊታር ጣት የሚያርፍበት ምልክት የለውም፤ ተጫዋቹ ክሩን እንጨቱ ላይ ሳይጫን በአየር ላይ ድምፁን ይለካል። ጥቂት ቢስት ቅኝቱ ይፈርሳል። አዝማሪው በዚያው ቅጽበት ግጥም ይፈጥራል፣ የታዳሚውንም ፊት ያነባል። ጣቱን ማሰብ ከጀመረ ግጥሙ ይዝላል፤ ከልጅነቱ ከዘመዶቹ እግር ሥር የሚለማመደውም ጣቱን ለመርሳት ነው (ፍጥነትን ለማሳየት የሚለማመድ ብዙውን ጊዜ እዚያው ይቀራል)።

የሠርጉ ኪቦርድ ይህን ልፋት አስቀርቷል። አንቺ ሆዬ ግን በኪቦርዱ ቋሚ ድምፆች ላይ ሲቀመጥ ይደርቃል፤ ማሲንቆው በትንሹ ዘንበል የሚያደርጋት ድምፅ ቁልፍ የላትም። በፈጣኑ ኪቦርድ የሚጨበጨበው ያችን ድምፅ በማያውቅ ጆሮ ነው።