ወረፋው ስላጠረ ታካሚው ታከመ ማለት ነው?

በጠዋት ጤና ጣቢያ ሄዳችሁ ካርድ ክፍል ፊት ተሰልፋችሁ ታውቃላችሁ? ከሆነ፣ «ምን ይደረግ፣ ሐኪም ስላነሰ ነው» የሚለውን ማብራሪያም ሰምታችኋል። እኔም ለዓመታት አምኜው ነበር። ምህንድስና ተምሬ ስለ ወረፋ ሒሳብ ማንበብ ስጀምር ግን አንድ አጭር ጽሑፍ ሐሳቤን አስቀየረኝ። ጽሑፉን አሁንም እወደዋለሁ፤ ያለፈው ነገር እንዳለ የገባኝ ግን ዘግይቶ ነው።

ጸሐፊዎቹ ማርክ መሬይ የተባለ የቤተሰብ ሐኪምና ካትሪን ታንታው የተባለች ነርስ ናቸው። ጽሑፉ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2000 «ፋሚሊ ፕራክቲስ ማኔጅመንት» በተባለው የአሜሪካ የሐኪሞች መጽሔት ላይ ነው። በሰሜን ካሊፎርኒያ፣ በካይዘር ፐርማነንቴ የጤና ተቋም ውስጥ፣ የቀጠሮ ጥበቃን ከ55 ቀን ወደ 1 ቀን እንዴት እንዳወረዱት ይተርካሉ። ያን ያህል የወረደውም ከአንድ ዓመት ባነሰ ጊዜ ነው።

እንዴት? መልሱ ቀላል ነው፤ ቀላልነቱ እንዲያውም ያናድዳል። እስቲ የራሴን ቁጥር ልስጥበት። አንዲት ሐኪም በቀን 20 ሰው ታያለች እንበል፤ በቀን 20 ሰው ደግሞ ቀጠሮ ይጠይቃል። ጥበቃው 55 የሥራ ቀን ከሆነ፣ ወረፋው ውስጥ ያለው ሰው 20 ሲባዛ በ55፣ ማለትም 1,100 ነው። (ይህ ስሌት የሊትል ሕግ ይባላል፤ ጆን ሊትል እ.ኤ.አ. በ1961 ነው ያረጋገጠው።) አሁን ልብ በሉ። ጥበቃው አምናም 55 ቀን፣ ዘንድሮም 55 ቀን ከሆነ፣ በየቀኑ የሚመጣውና በየቀኑ የሚታየው ሰው እኩል ነው ማለት ነው። እኩል ባይሆንማ ወረፋው በየወሩ እየረዘመ በሄደ ነበር። ስለዚህ ሐኪም አላነሰም። 1,100ው ሰው ድሮ የተጠራቀመ ውዝፍ ነው፤ ማንም ሳይከፍለው የሚንከባለል ዕዳ በሉት። ሐኪሟ በቀን 5 ሰው ጨምራ ብታይ በ220 የሥራ ቀን ተከፍሎ ያልቃል። ከዚያ በኋላ የዛሬውን ሰው ዛሬ ማየት ይቻላል፣ በዚያችው ሐኪም፣ በዚያው ክፍል።

መጀመሪያ ሳነበው ከወንበሬ ተነስቼ ነበር።

ግን አንድ ጥያቄ አለ፤ ጽሑፉም በበቂ አልመለሰውም። ወረፋ የማይረዝመው ሌላም ምክንያት ስላለው ነው፦ ሰው ተስፋ ቆርጦ ይሄዳል። ታክሲ ስትጠብቁ አስቡት። ሰልፉ መንገዱን ሲያልፍ አዲስ የሚመጣው አይቶት በእግሩ ይሄዳል፤ ሰልፉም እዚያው ላይ ይቆማል። ከሩቅ ለሚያየው «የተመጣጠነ» ይመስላል። ታዲያ ከሐኪም ወረፋ መጀመሪያ የሚወጣው ማነው? የቀን ሥራው የሚቀርበት፣ ልጆቿን የምታስቀምጥበት የሌላት፣ ከሩቅ የመጣ። ጁሊያን ቱዶር ሃርት የተባለው የዌልስ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1971 «ላንሴት» ላይ ያወጣው ዝነኛ ሐሳብ ይኸው ነው፦ ጥሩ ሕክምና አብዝቶ የሚገኘው አብዝቶ በማይፈለግበት ቦታ ነው። ግሊንኮሩግ በምትባል የከሰል ማዕድን መንደር ይሠራ የነበረው ይህ ሰው፣ ደም ግፊት የሚለካው ታሞ ለመጣ ብቻ አልነበረም። ያልመጡትንም እየፈለገ ይለካ ነበር። ወረፋ ውስጥ የሌለን ሰው የሊትል ሕግ አይቆጥረውም፤ ሃርት ግን ቆጠረው።

ሁለተኛው ነገር ለእኔ ይብሳል፤ የእኛን የመሐንዲሶችን ድክመት ስለሚነካ። ባንክ ውስጥ ቁጥር ቆርጣችሁ፣ ተራችሁ ሲደርስ ክፍት ወደሆነው መስኮት ትሄዳላችሁ አይደል? አንድ ወረፋ ለብዙ መስኮት ሲሆን ጥበቃ ያጥራል፤ በሒሳብ የታወቀ ነው። ሐኪም ቤት ላይም ይሠራል፦ ታካሚውን ክፍት ወደሆነው ሐኪም ሁሉ ላከው። መሬይና ታንታው ይህን ወጥመድ አውቀውታል፤ ታካሚው ከራሱ ሐኪም ጋር እንዲገናኝ አጥብቀው ይመክራሉ። ሐሳቡ እንግሊዝ ሲደርስ ግን የቀረው ቁጥሩ ነው። መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2000 ባወጣው የጤና ዕቅድ፣ በ2004 ማንም ታካሚ በ48 ሰዓት ውስጥ ጠቅላላ ሐኪም እንዲያገኝ ግብ አስቀመጠ። አንዳንድ ክሊኒኮች ምን አደረጉ? ከ48 ሰዓት በላይ የራቀ ቀጠሮ መስጠት አቆሙ። ቀጠሮ ካልተሰጠ የረዘመ ጥበቃ የለማ! እ.ኤ.አ. በ2005 አንዲት ሴት በቴሌቪዥን ይህንኑ ፊት ለፊት ስትነግራቸው፣ ጠቅላይ ሚኒስትር ቶኒ ብሌር ነገሩ አዲስ እንደሆነባቸው ተናገሩ። ግቡ በ2010 ተሰረዘ።

«ያው ሐኪም» መሆኑ ለምን ያስጨንቃል? እናቴ የደም ግፊት አለባት። ኢናላፕሪል ስትወስድ ደረቅ ሳል ይዟት (የታወቀ የመድኃኒቱ ጠባይ ነው) አንድ ሐኪም ቀየረላት። ከወራት በኋላ ካርዷ ጠፍቶ ሌላ ሐኪም አየቻት፤ ያንኑ ኢናላፕሪል መልሳ አዘዘችላት። እማዬ ኪኒኑ ሌላ ነው ብላ ስላሰበች ሦስት ሳምንት ስትስል አደረች። ሐኪሟን አልወቅስም፤ የማታውቃትን ሴት በጥቂት ደቂቃ ነው ያየቻት። በዚያ ቀን እማዬ የጠበቀችው 20 ደቂቃ ብቻ ነበር። በወረፋ ሒሳብ ከታየ ምርጥ ቀን!

የእማዬ ታሪክ የአንድ ሰው ታሪክ ነው፣ ምንም አያረጋግጥም። ኖርዌይ ውስጥ በ2021 የወጣ ጥናት ግን ከ4 ሚሊዮን በላይ ሰዎችን መዝገብ አየ። ከአንድ የቤተሰብ ሐኪም ጋር ከ15 ዓመት በላይ የቆዩት፣ አንድ ዓመት ብቻ ከቆዩት ጋር ሲነጻጸሩ፣ የመሞት ዕድላቸው በ25 በመቶ ገደማ ያነሰ ሆኖ ተገኘ። በእርግጥ ጥናቱ መዝገብ ያያል እንጂ ሰውን በዕጣ አይመድብም፤ ምክንያቱ ሐኪሙ ብቻ ነው ማለት አይቻልም። ቢሆንም ቁጥሩ ዝም የሚባል አይደለም።

ስለዚህ የመሬይንና የታንታውን ጽሑፍ አንብቡት፤ የውዝፉ ነገር ብቻውን ይበቃል። እኔ የምጨምርበት አንድ መለኪያ ነው፦ ታካሚው ከመጣባቸው ጊዜያት ስንቱን ያንኑ ሐኪም አገኘ? ለመቁጠር ካርዱ ላይ ያለው ፊርማ በቂ ነው። እማዬን ጠይቄ በወረቀት ላይ ሠራሁት፤ ባለፉት 6 ጊዜያት 5 የተለያዩ ሐኪሞች አይተዋታል።