ሩቅ የሚወረውር ሁሉ ጥሩ ዘንግ አይደለም

በሁለት እጅ የሚወረወር የትራውት ማጥመጃ ዘንግ ሊገዛ ሱቅ የገባ ሰው አስቀድሞ የሚጠይቀው «ምን ያህል ይወረውራል?» ብሎ ነው። ሻጩም ስለ ርቀት ማውራት ይወዳል። ትራውት የተባለው ዓሣ ግን ብዙውን ጊዜ የሚነክሰው ከአጥማጁ 15 ሜትር ባልራቀ ውኃ ውስጥ ነው። ስለዚህ ነገሩን የሚያውቅ ሰው ቀላል ባለ ሁለት እጅ ዘንግን የሚመዝነው በሦስት ነገር ነው፦ በአጭር ክር እንዴት እንደሚሠራ፣ ማጥመጃዋ ሰው ሠራሽ ዝንብ ውኃ ከገባች በኋላ ለእጅ ምን እንደሚያሰማ፣ መካከለኛ ዓሣ ሲይዝ እስከ የት እንደሚጎብጥ። የርቀት ነገር ከእነዚህ በኋላ ይደርሳል።

መጀመሪያ ሥራውን እንወቅ። አጥማጁ ወንዝ ውስጥ ቆሞ ከላባና ከክር የተሠራችውን ዝንብ ወደ ማዶ፣ ትንሽ ወደ ታች አጋድሎ ይወረውራል። ወራጁ ክሩን ይወጥረዋል፤ ዝንቧም ወንዙን በቅስት አቋርጣ ከአጥማጁ በታች ትቆማለች። አሜሪካኖች ስዊንግ የሚሉት ይህንን ነው። ከዚያ አንድ ሁለት እርምጃ ወደ ታች ወርዶ እንደገና መወርወር ነው። በሁለት እጅ የመወርወሩ ጥበብ ስሙን ያገኘው በ19ኛው ክፍለ ዘመን ከተስፋፋበት ከስኮትላንዱ ስፔይ ወንዝ ነው። እዚያ ዛፉና ከፍ ያለው ዳርቻ ክሩን ወደ ኋላ ለመዘርጋት ስለማይመች፣ አጥማጆቹ ክሩን ከውኃው ሳያርቁ ከጎናቸው አጥፈው ወደ ፊት መላክን ተካኑ። የዚያን ዘመን የሳልሞን ዘንጎች ከ5 ሜትር በላይ የሚረዝሙ የእንጨት ዘንጎች ነበሩ። ዛሬ ለትራውት የሚሠሩት ግን የካርቦን ፋይበር ናቸው፤ ርዝመታቸውም ከ3.2 እስከ 3.5 ሜትር ነው።

ገዢን የሚያሳስተው ትልቁ ነገር ዘንጉ ላይ የተጻፈው ቁጥር ነው። ቁጥሩ ዘንጉ የሚሸከመውን የክር ክብደት ያመለክታል። በባለ አንድ እጅ ዘንግ ቁጥር 3 ማለት የክሩ የመጀመሪያ 9 ሜትር 100 ግሬን፣ ማለትም 6.5 ግራም ያህል ይመዝናል ማለት ነው። ባለ ሁለት እጁ ቁጥር 3 ግን ከ250 እስከ 300 ግሬን የሚመዝን የክር ራስ (የክሩን ከባድ የፊት ክፍል) ይወረውራል፤ ይህም ከ16 እስከ 19 ግራም ነው። ለትልልቅ ዓሦች የሚያዘው ባለ አንድ እጅ ቁጥር 8 እንኳን መለኪያው 210 ግሬን ነው። በባለ አንድ እጅ ቁጥር 5 የለመደ ሰው ያንኑ ቁጥር አይቶ ባለ ሁለት እጅ ቢገዛ፣ 40 ሴንቲ ሜትር የሚሆን ትራውት ጫፉን እንኳን በወጉ የማያጎብጥለት ብርቱ ዘንግ ይዞ ይቀራል። ደንቡ አጭር ነው፦ ዓይንዎ ከሚመርጠው አንድ ቁጥር ይቀንሱ። ለትናንሽ ባለ ለስላሳ ላባ ዝንቦች ቁጥር 2 ይበቃል። ቁጥር 3 ለአብዛኛው ወንዝ ይሆናል። ቁጥር 4 ነፋስ ለሚበዛበት ሰፊ ወንዝና እንደ ትንሽ ዓሣ ለተሠሩ ትልልቅ ማታለያዎች ነው። ከዚያ በላይ ያለው ወደ ሌላ ዓሣ የሚያመራ መንገድ ነው።

ቀጥሎ የሚታየው አጎባበጡ ነው። በአሜሪካ ዋሽንግተን ግዛት በስካጊት ወንዝ ዳር የተወለደው የአወራወር ስልት አጭርና ወፍራም የክር ራስ ይጠቀማል። ክሩ ውኃው ላይ አርፎ ይቆይና በአንድ ያልተቋረጠ እንቅስቃሴ ይነሣል። ለዚህ የሚመቸው ከወገቡ በታች ድረስ ቀስ ብሎ የሚጎብጥ ዘንግ ነው። ስዊድናዊው ዮራን አንደርሶን ያስፋፋው የስካንዲኔቪያ ስልት ደግሞ ረዘም ያለና እየቀጠነ የሚሄድ ክር ይመርጣል። ክሩ ውኃውን ነካ አድርጎ ወዲያው ስለሚላክና ጉልበቱም በአብዛኛው ከታችኛው እጅ ስለሚመጣ፣ ጫፉ ፈጣን የሆነ ዘንግ ይስማማዋል። ሁለቱንም እኩል የሚያሳምር ዘንግ ብርቅ ነው። ሻጩ «ለሁሉም ይሆናል» ካለዎት የትኛውን ስልት እንደሚወዱ ነግረው በዚያ ብቻ ይሞክሩት። ለጀማሪ የስካጊቱ ስልት ይቀላል፤ በዝግታ የሚጎብጠውም ዘንግ ጥፋትን ይሸፍናል።

መኪና ማቆሚያ ላይ ወይም ሣር ላይ የተሞከረ ባለ ሁለት እጅ ዘንግ አልተሞከረም። በቡሄ ጅራፍ ያጮኸ ሰው ጉልበት ከእጀታው ተነሥቶ እስከ ጫፍ እንዴት እንደሚሮጥ ያውቃል፤ እዚህ ግን ሌላ ነገር ይጨመራል። ዘንጉ የሚጎብጠው ውኃው የክሩን ጫፍ ይዞ ሲያስቀርለት ነው። ሣር እንደ ውኃ አይዝም። ስለዚህ ወንዝ ወይም ኩሬ ፈልገው፣ ከዘንጉ ጫፍ የክሩን ራስ ብቻ አውጥተው ይጀምሩ። ጥሩ ዘንግ በዚህ አጭር ክር ያለ ግፊት ይጎብጣል፤ ሲመለስም ጫፉ አይርገበገብም። ጉልበት ሲጨምሩ ብቻ የሚነቃ ዘንግ ከሆነ ይመልሱት።

ሁለተኛው ፈተና ዓሣው ነው። በስዊንግ ትራውት የሚነክሰው ክሩ በተወጠረበት ጊዜ፣ ብዙውን ጊዜ ከአጥማጁ በታች ሆኖ ነው። ዝንቧ የታሰረችበት ስስ ክር 0.20 ሚሊ ሜትር ቢሆን ነው፤ ድንገተኛውን ጉተታ ተቀብሎ የሚያለዝብለት የዘንጉ ጫፍ ነው። ክሩን በቀለበቶቹ አሳልፈው ጓደኛዎ የክሩን ጫፍ በእጁ ይዞ ቀስ በቀስ ይሳብ። የዘንጉ ጫፍ ወዲያው መታጠፍ፣ ጎትቶ ሲያጠብቅ ደግሞ ጉብጠቱ ሳይሰበር ወደ ወገብ መውረድ አለበት። አንድ ቦታ ላይ እንደ ክርን የሚታጠፍ ዘንግ መገጣጠሚያው ላይ ችግር አለው።

ወደ እጅ ሥራው እንምጣ። አብዛኞቹ ዘንጎች በአራት ቁራጭ ይመጣሉ። እያንዳንዱን ቁራጭ በዓይንዎ ልክ አድርገው ወደ ብርሃን ይመልከቱ፤ ቀለበቶቹ በአንድ መስመር መቆም አለባቸው። ገጣጥመው በቀስታ ያወዛውዙት፤ ከመጋጠሚያው ጠቅ የሚል ድምፅ መሰማት የለበትም። የሁለት እጅ ውርወራ ዘንጉን ስለሚጠመዝዘው ደካማ መጋጠሚያ ቶሎ ይላላል። በጥሩ ዘንግ ላይ እንኳን ወንዝ ዳር ሳሉ መጋጠሚያዎቹን በየጊዜው መፈተሽ ልማድ ይሁንዎት።

ቀለበቶቹን የያዘው ክር ተጠጋግቶ የተጠመጠመ፣ ላዩ ላይ የፈሰሰው ኢፖክሲም ያለ አረፋ የለሰለሰ ይሁን። የቀለበቱ እግር ከክሩ ሥር የሚገባበትን ጫፍ በደንብ ይመርምሩ፤ እዚያ ክፍተት ካለ ውኃ ይገባል። ከዚያ የእጀታውን ቡሽ በአውራ ጣት ጥፍር ይዳስሱ። የቡሽ ዛፍ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚላጠው 25 ዓመት ገደማ ሲሆነው ነው። ከዚያ በኋላ በየ9 ዓመቱ ይላጣል፤ ጥሩ ቡሽ የሚሰጠውም ከሦስተኛው ጊዜ ጀምሮ ነው። ንጹሕ ቡሽ ስለሚወደድ ቀዳዳውን በመሙያ ለጥፈው የሚሸጡ ብዙ ናቸው። መሙያው በዝቶ ካዩ ከጥቂት ጊዜ በኋላ ተቦርቡሮ እንደሚወድቅ ይወቁ። በእጀታው ጫፍ ያለው ዥንጉርጉር የተፈጨ ቡሽ ግን ጉድለት አይደለም፤ መጋጨትን ይቋቋም ተብሎ የሚደረግ ነው።

ሚዛኑን ሳያዩ ገንዘብ አይክፈሉ። የክሩን ማጠንጠኛ ከነክሩ አስረው፣ ዘንጉን በአንድ ጣት ላይ ያስቀምጡ። ላይኛው እጅ በሚያርፍበት አካባቢ ረግቶ መቆም አለበት። ወደ ጫፍ ካዘነበለ ቀኑን ሙሉ ትከሻዎን ሲጎትት ይውላል። መድኃኒቱ ከበድ ያለ ማጠንጠኛ ነው፤ ስለዚህ በክብደት ማነስ ብቻ የሚኩራራ ዘንግና ማጠንጠኛ እዚህ ጥቅም የለውም።

ይህ ዘንግ ለሁሉም ወንዝ አይደለም። እንደ ሞንታናው ሚዙሪና ማዲሰን ላሉ ሰፊና አንድ ዓይነት ፍጥነት ላላቸው ወንዞች የተዘጋጀ ነው። በሲያትልና አካባቢዋ ለሚኖሩ ወገኖቻችን ስካጊት ራሱ የአንድ ሰዓት ያህል የመኪና መንገድ ነው። በአንጻሩ ከኬንያ የመጣ ትራውት በሚኖርባቸው የባሌ ተራሮች ጠባብ ጅረቶች አጭር ባለ አንድ እጅ ዘንግ ይሻላል፤ እዚያ ባለ ሁለት እጅ ይዞ መሄድ ትርፉ ድካም ነው።

በመጨረሻ ፍርዴ ይህ ነው። አንድ ብቻ የሚገዛ ሰው 3.3 ሜትር ገደማ የሚረዝም፣ ከወገቡ የሚጎብጥ ቁጥር 3 ይግዛ። ለዘንጉ ያሰበውን ገንዘብ ሁሉ አይጨርስ፤ ከፊሉን ለትክክለኛው ክር ያስቀርለት፤ መካከለኛ ዘንግ ከተስማማው ክር ጋር፣ ውድ ዘንግ ካልተስማማው ክር ጋር ከሚሠራው ይልቅ የተሻለ ይሠራል። ቢሰበር አንዱን ቁራጭ ለመተካት ስንት እንደሚያስከፍሉም አስቀድሞ ይጠይቅ። ሻጩ ውኃ ላይ እንዲሞክሩት ካልፈቀደልዎት ደግሞ ሌላ ሻጭ ይፈልጉ።