ለጥ ያለ መንገድም መሪ ይሻል

ዋሽንግተን ከተማን አቋርጦ የሚያልፈውን የሮክ ክሪክ ወንዝ በሚከተለው የደን መንገድ ሰው ይዤ እጓዛለሁ። አብዛኞቹ የአገር ልጆች ናቸው፤ ልጆቻቸውን ሊጠይቁ የመጡ እናቶችም አይጠፉም። ደኑ ያለበት ሮክ ክሪክ ፓርክ በአሜሪካ ምክር ቤት ውሳኔ የተቋቋመው በ1890 እ.ኤ.አ. ነው። ወንዙ ዳር ያለው መንገድ ዳገት ስለማይበዛበት፣ “ለዚህ ደግሞ መሪ ምን ያደርጋል?” የሚሉኝ አሉ። እኔ ግን ከዳገት ይልቅ ሜዳ ሙያ ይጠይቃል ባይ ነኝ። ዳገት ሰውን በግዱ ያስቆመዋል፤ ሜዳ ላይ ግን እግር ይፈጥናል፣ ወሬ ይደምቃል፣ ዓይን ሥራ ይፈታል።

ማርች ላይ ሽቅብ ለሚያይ ሰው ደኑ የደረቀ ይመስላል። የሚታየው መሬት ላይ ነው። ረግረጉ ውስጥ ስካንክ ካቤጅ የሚባለው ተክል ከሁሉ ቀድሞ ብቅ ይላል፤ አበባው የራሱን ሙቀት ስለሚያመነጭ ዙሪያውን ያለውን በረዶ ያቀልጣል፣ ሽታው ደግሞ ዝንብ ይጠራለታል። ቀጥሎ ስፕሪንግ ቢዩቲ፣ ብለድሩትና ቨርጂኒያ ብሉቤል ይፈካሉ። የሚጣደፉት ወደው አይደለም። ዛፎቹ ቅጠል ሲለብሱ ፀሐይ መሬት መድረሷን ታቆማለች፤ ስለዚህ የዓመት ስንቃቸውን አዘጋጅተው ከአፈር በታች የሚያከማቹት በእነዚያ ጥቂት ሳምንታት ነው። አደይ አበባ ክረምቱ ሲወጣ እንደሚደርስ፣ እነዚህም ጥላው ሳይመጣ ይደርሳሉ ስላቸው እናቶቹ ቶሎ ይገባቸዋል። ከዚያ በኋላ አሳዪዎቹ እነሱ ናቸው።

የመሪ የመጀመሪያ ጉዳይ ፍጥነት ነው። አዛውንቶችን ከፊት አደርጋለሁ፣ እኔም ከጎናቸው እሆናለሁ። ከኋላ የቀረ ሰው የሚደርሰው ሌላው አርፎ ሊነሳ ሲል ስለሆነ፣ ይበልጥ የደከመው ሳያርፍ ይቀራል።

ሁለተኛው ጉዳይ ጭቃ ነው። ለጫማው የሚሳሳ ሰው ጭቃውን ሸሽቶ ዳር ዳሩን ይሄዳል፤ አበባው ያለው ግን ዳሩ ላይ ነው። አንዱ የረገጠውን ሌላው ይከተላል፣ መንገዱ ይሰፋል፣ አበባው ይጠፋል። ስለዚህ ለጭቃ የማያሳሳ ጫማ አድርጉ ብዬ ቀድሜ እነግራለሁ፤ ጭቃው ጋ ስንደርስም መሃል ለመሃል አልፋለሁ። መሪ ያልገባበት ጭቃ ውስጥ ማንም አይገባም።

ወንዙን ማየት እንጂ እግር መንከር አይፈቀድም፤ ከባድ ዝናብ ሲጥል የከተማው ፍሳሽ ይቀላቀልበታል። ብርዱ ረገብ ካለ መዥገርም አለ፤ ላይም የተባለውን በሽታ ያስተላልፋልና ቤት ስትገቡ ቁርጭምጭሚታችሁን፣ ከጉልበት ጀርባና ብብታችሁን ፈትሹ።

ደኑ እስኪለመልም እንጠብቅ የምትሉ፣ አትጠብቁ። ለምለም ደን እስከ መኸር ይቆያችኋል፤ የመሬቱ አበባ ግን ያኔ የለም። ማርች ማብቂያና ኤፕሪል መጀመሪያ ላይ ኑ፣ ስትመጡም ቀስ ብላችሁ ተራመዱ።