ሃይማኖት ከሰው የሚጠይቀው

ወጣት አንባቢ ሆይ፤ አንድን የሃይማኖት ማኅበር ለመመዘን ስትነሣ የሚያስተምረውን ብቻ ሳይሆን ከአባሉ የሚጠይቀውንም መርምር፤ ለሰው ያለው ግምት በዚህ ይታወቃልና። በአሜሪካ የሚገኙት ሞርሞኖችና የሌሎቹ ክርስቲያኖች ጉባኤያት ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ናቸው። በትምህርት ያላቸው ልዩነት ሰፊ ነው፤ ለዛሬ ግን የምንመለከተው ልማዳቸውን ነው።

ጆሴፍ ስሚዝ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1830 በኒው ዮርክ ግዛት ያቋቋመው የሞርሞኖች ቤተ ክርስቲያን ከአባሉ ብዙ ይጠይቃል። አባሉ ከገቢው ዐሥራት ያወጣል፤ አልኮል፥ ትምባሆ፥ ሻይና ቡና ይተዋል፤ በየወሩ አንድ ቀን ጾሞ የምግቡን ዋጋ ለችግረኞች ይሰጣል። ወጣት ወንዶች ከ18 ዓመታቸው ጀምሮ ሁለት ዓመት ለስብከት እንዲሄዱ ይጠበቅባቸዋል። የአጥቢያው ኤጲስ ቆጶስ እንኳ ደመወዝ የለውም፤ በሥራ ቀን ነጋዴ ወይም አስተማሪ ሆኖ ይውላል። ከቀሩትም አንዱ ሕፃናትን ያስተምራል፥ ሌላው ቤተሰቦችን ይጎበኛል። ኀምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፥ ለኀምሳ ሰው ጌጡ ነው የሚባለው በእነርሱ ዘንድ በሥራ ይታያል።

በሜቶዲስት፥ በሉተራንና በመሳሰሉት ጉባኤያት ግን አብዛኛውን ጊዜ ደመወዝተኛ ፓስተር አለ፤ ስጦታውም እንደ ልብ ፈቃድ ነው። ነጻነቱ መልካም ነው። ነገር ግን ምንም ያልተጠየቀ ሰው ሲቀርም ብዙ ጊዜ ፈላጊ የለውም። ይህ ቸልታ የመሥራቾቹ ልማድ አልነበረም። የሜቶዲስቶች መሪ ጆን ዌስሊ በ1742 አባሎቹን በትንንሽ ክፍል አደራጅቶ፥ ለያንዳንዱ ክፍል አለቃ ሾሞ፥ ሁሉም በየሳምንቱ እንዲጠየቁ አድርጎ ነበር።

ሞርሞኖችን የምነቅፍበት ነገር ደግሞ አለ። ወደ ቤተ መቅደሳቸው የሚያስገባ ፈቃድ የሚሰጠው አባሉ ስለ አኗኗሩ ተጠይቆ ነው፤ ዐሥራቱን የማይከፍል ፈቃዱን አያገኝም። በዚህም ምክንያት ልጁ በቤተ መቅደስ ስትዳር በውጭ የሚቀር አባት አለ። በ2019 የወጣው ውሳኔ ሙሽሮቹ አስቀድመው በሕግ ተጋብተው፥ እንደ ቀድሞው ዓመት ሳይጠብቁ ወደ ቤተ መቅደስ እንዲገቡ ፈቅዷል። የወላጅ ሐዘን በዚህ ቀለለ፤ ደጁ ግን ዛሬም እንደ ተዘጋ ነው።

እንግዲህ እኔ የምፈርደው እንዲህ ነው፤ ሰውን ሥራ መጠየቅ «ታስፈልገናለህ» ማለት ስለ ሆነ እርሱን ማክበር ነው። በዚህ ነገር ሌሎቹ ከሞርሞኖች ሊማሩ ይገባል። ነገር ግን ያልቻለውን ከገዛ ልጁ ደስታ የሚለይ ጥያቄ ክብር መሆኑ ቀርቶ ቅጣት ይሆናል።

አንተም በምትጸልይበት ጉባኤ እስክትጠየቅ አትጠብቅ፤ አንድ ሥራ ያዝ። የቀረውን ወንድምህን ቤት ሄደህ አንኳኳ፤ ባዶ እጁን ቢመጣም ደጅ አታቁመው።